ትርፉ ብር ወዴት ይሂድ? የቤት ብድርና የክፉ ቀን ገንዘብ በጅማ

የመንግሥት ሠራተኞች የደመወዝ ማሻሻያ መስከረም 2018 ዓ.ም. ሥራ ላይ ሲውል ዝቅተኛው ደመወዝ ከ4,760 ወደ 6,000 ብር፣ የዲግሪ ጀማሪ ደመወዝ ደግሞ ከ9,000 ወደ 11,500 ብር ከፍ ብሏል። ከግብርና ከጡረታ መዋጮ ተርፎ እጅ የሚገባው ብዙ አይደለም። ያም ሆኖ የቤት ብድር ላለበት ቤተሰብ፣ ጅማ ውስጥ በዩኒቨርሲቲው፣ በሆስፒታሉና በየትምህርት ቤቱ የሚሠራውን ጨምሮ፣ አንድ ጥያቄ ይዞ መጥቷል። በወር ሁለት ሺህ ብር ቢተርፍ ለባንኩ ከተወሰነው በላይ ይከፈል ወይስ ይቀመጥ?

መልሱ በቡና ላይ ጨዋታ ሲነሣ በሁለት ይከፈላል። አንዱ ወገን “ወለድ ሌት ተቀን ይበላል፣ ከፍለህ ተገላገል” ይላል። ሌላው “ብር እየወደቀ ነው፣ ዕዳህን የዋጋ ንረት ይክፈልልህ፤ ዛሬ ከፍለህ መጨረስ ሞኝነት ነው” ብሎ ይከራከራል። ሁለቱም የያዙት እውነት አለ። ይሁንና ሁለተኛው ክርክር ብዙ ጊዜ የሚቀርበው ሳይሰላ ነው፤ የመጀመሪያው ደግሞ አንድ ትልቅ አደጋ ዘሎ ያልፋል። ስሌቱን እናስቀድም።

የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ክፍያ የት ይገባል?

የቤት ብድር ሁለት ክፍል አለው። ዋና ብድር የሚባለው የተበደሩት ገንዘብ ራሱ ነው፤ ወለድ ደግሞ ባልተከፈለው ዋና ብድር ላይ በየወሩ የሚታሰበው ዋጋ ነው። ወርሃዊ ክፍያው እኩል እንዲሆን ሁለቱን አዋህዶ በመክፈያው ዘመን ላይ የማከፋፈሉን ዘዴ ባንኮች አሞርታይዜሽን ይሉታል። ተበዳሪው ውል ሲፈርም የሚሰጠው፣ አብዛኛው ሰው ከውሉ ጋር አጣጥፎ የሚያስቀምጠው የክፍያ ሰንጠረዥ የዚህ ስሌት ውጤት ነው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ባልና ሚስት 600,000 ብር በዓመት 16 በመቶ ወለድ፣ በ20 ዓመት ተከፍሎ እንዲያልቅ ተበደሩ እንበል። የወለዱ መጠን ከባንክ ባንክና ከውል ውል ስለሚለያይ ይህን ለማሳያ ብቻ የተመረጠ ቁጥር አድርጎ መውሰድ ነው። ወርሃዊ ክፍያቸው 8,348 ብር ገደማ ይመጣል። አሁን የሰንጠረዡን የመጀመሪያ መስመር እንመልከት። ወለድ 8,000 ብር፤ ከዋና ብድር የሚቀነስ 348 ብር።

ስምንት ሺህ ከሦስት መቶ በላይ ከፍለው ዕዳቸው የቀነሰው በአንድ ኪሎ ሥጋ ዋጋ እንኳ አይደለም። በአምስት ዓመት ውስጥ ግማሽ ሚሊዮን ብር ከፍለው ወደ ባንኩ ቢሄዱ ቀሪ ዕዳቸው 568,000 ብር ግድም ሆኖ ያገኙታል። ከወርሃዊው ክፍያ የሚበልጠው እጅ ወደ ዋና ብድሩ መሄድ የሚጀምረው ከ15 ዓመት ተኩል በኋላ ነው። ብድሩ በሰንጠረዡ መሠረት እስከ መጨረሻው ቢሄድ በጠቅላላው የሚከፈለው ሁለት ሚሊዮን ብር ያህል ይሆናል። በዚህ ውስጥ ስውር ክፍያም ማጭበርበርም የለም። ወለድ የሚታሰበው በቀሪው ዕዳ ላይ ነው፤ መጀመሪያ ላይ ዕዳው ትልቅ ስለሆነ ወለዱም ትልቅ ነው።

ተጨማሪ ክፍያ ጉልበት የሚያገኘው ከዚሁ ነው። ከመደበኛው ክፍያ በላይ የሚገባ ብር በሙሉ ዋናውን ብድር ይቆርጣል፤ የተቆረጠው ብር ደግሞ ከዚያ ወር ጀምሮ ወለድ አይወልድም። ባልና ሚስቱ ከመጀመሪያው ወር አንሥተው በየወሩ 2,000 ብር ቢጨምሩ ብድሩ በ20 ዓመት ፈንታ በ9 ዓመት ከ4 ወር ያልቃል። በዚያ ጊዜ ውስጥ በጭማሪ መልክ የከፈሉት 224,000 ብር ሲሆን ከመክፈል የሚድኑት ጠቅላላ ገንዘብ 844,000 ብር አካባቢ ነው።

ጊዜውም ወሳኝ ነው። ገና ውሉ እንደተፈረመ 100,000 ብር በአንድ ጊዜ ወደ ዋናው ብድር ቢገባና ወርሃዊው ክፍያ ባይነካ፣ ብድሩ በ121 ወር ያልቃል፤ ወደ አሥር ዓመት ይቆረጣል ማለት ነው። ያው 100,000 ብር በ15ኛው ዓመት ማብቂያ ቢገባ የሚያሳጥረው 23 ወር ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ “ልጆች ሲያድጉ፣ ወጪው ሲቀል እከፍላለሁ” የሚል ሰው ጥቅሙ በሚያንስበት ጊዜ ሊከፍል እየተዘጋጀ ነው።

ቁጠባ በሌላው ሚዛን ላይ

የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ ያደረገው በጥቅምት 2010 ዓ.ም.፣ ብር በ15 በመቶ እንዲዳከም በተደረገበት ሰሞን ነው። ተራው የቁጠባ ደብተር ከዚያ ወዲህ በአብዛኛው በዚሁ ቁጥር አካባቢ ይኖራል። የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ሲወጣ በባንክ ቁጠባ ወለድ ላይ 5 በመቶ ግብር ጥሏል። በዚህ ስሌት 100,000 ብር በዓመት 7,000 ብር ወልዶ 350 ብር ግብር ይከፍልና 6,650 ብር ይተርፈዋል። ያው ገንዘብ በምሳሌው ብድር ላይ ቢውል በዓመቱ 16,000 ብር ወለድ ያስቀራል፤ ባስቀረው ወለድ ላይ ደግሞ ግብር የለም።

በጊዜ ገደብ የሚቀመጥ ገንዘብ የተሻለ ወለድ ያገኛል፤ መጠኑም በድርድር ይወሰናል። ነገር ግን የተሻለውን ወለድ ለመደራደር አቅም የሚኖረው ብዙ ሚሊዮን ይዞ የሚመጣ አስቀማጭ ነው። ለደመወዝተኛው የንጽጽሩ ቁጥር ያው 7 በመቶ ነው።

የዋጋ ንረቱ ክርክር የሚሳሳትበት ቦታ

“ዕዳን የዋጋ ንረት ይከፍለዋል” የሚለው አባባል ከሜዳ የተነሣ አይደለም። በግንቦት 2014 ዓ.ም. ዓመታዊው የዋጋ ንረት ከ35 በመቶ በላይ ነበር። በዚያ ዓመት ከ10 እስከ 16 በመቶ ወለድ የሚከፍል ተበዳሪ በእርግጥ ተጠቅሟል፤ የተበደረው ብር የመግዛት አቅሙ ወርዶ ሳለ የመለሰው ያንኑ ቁጥር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ደግሞ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከዚያ በፊት በብር ተበድሮ ቤት የሠራ ሰው፣ ብረቱና ሲሚንቶው በእጥፍ ሲጠጋ ዕዳው በነበረበት ቆመ። ደመወዝ ሲጨመርም እንዲሁ ነው፤ ቁጥሩ የማይለወጥ ወርሃዊ ክፍያ ከገቢው የሚወስደው ድርሻ ይቀንሳል።

ይህ ሁሉ ትክክል ሆኖ ሳለ ለተነሣው ጥያቄ ግን መልስ አይሆንም። ጥያቄው አስቀድሞ የተበደረ ሰው በእጁ ያለውን ትርፍ ብር ወዴት ያውለው የሚል ነው። አማራጩ የቁጠባ ደብተር ከሆነ፣ የዋጋ ንረት ሁለቱንም እኩል ይመታል። ብድር ላይ የዋለችው መቶ ብር 16 ብር ታስቀራለች፤ ደብተር ውስጥ የተኛችው መቶ ብር 7 ብር ትወልዳለች። በዓመቱ መጨረሻ ዳቦ በእጥፍ ቢወደድ 16ቱም 7ቱም የሚገዙት ዳቦ በግማሽ ይቀንሳል፤ 16 ግን ከ7 መብለጧን አትተውም። ስለዚህ ከቁጠባ ደብተርና ከተጨማሪ ክፍያ አንዱን ለመምረጥ የዋጋ ንረቱን ማወቅ አያስፈልግም።

የዋጋ ንረት ለውጥ የሚያመጣው አማራጩ ዕቃ ሲሆን ነው። ቆርቆሮ፣ ሲሚንቶ፣ የሚረባ ከብት፣ መጋዘን ውስጥ የገባ ጀንፈል (ከነልጣጩ የደረቀ) ቡና ዋጋቸው ከገበያው ጋር ይሄዳል። ጓሮው ውስጥ የሚከራይ ተጨማሪ ክፍል ለመሥራት ያቀደ ሰው ገንዘቡን ብድር ላይ ከማዋል ይልቅ ግድግዳ ላይ ቢያውለው ሊያዋጣው ይችላል። ይህ ግን ሥራ ነው፤ ንግድ ነው፤ ኪሳራም አለበት። በየካቲት 2017 ዓ.ም. የዓለም የአረቢካ ቡና ዋጋ በኒውዮርክ ገበያ በፓውንድ ከ4 ዶላር ሲያልፍ ያየ ሰው ጀንፈል ገዝቶ ማስቀመጥ ቢያምረው አይገርምም። በዚያ ዋጋ ገዝቶ የሚጠብቅ ሰው ግን ባንክ ውስጥ ከሚቆጥበው ጋር በአንድ ሚዛን አይቀመጥም። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

ንረቱ ደግሞ በ2014 ዓ.ም. እንደነበረው አልቀጠለም። በሰኔ 2016 ዓ.ም. ወደ 20 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. ማብቂያ ወደ 14 በመቶ ግድም ወርዷል። ብድሩ 16 በመቶ፣ ንረቱ 14 በመቶ ሲሆን ተበዳሪው በዋጋ ንረት መጠቀሙን አቁሟል፤ እውነተኛ ወለድ መክፈል ጀምሯል።

የገባ ብር አይወጣም

እስከዚህ ያለው ስሌት ሁሉ “ክፈል” የሚል ይመስላል። አሁን የመጀመሪያው ወገን ዘሎ ወደሚያልፈው ነገር እንምጣ።

ወደ ዋና ብድር የገባ ገንዘብ ተመልሶ አይወጣም። በአንዳንድ አገሮች ተበዳሪው ቀድሞ የከፈለውን መልሶ የሚያወጣበት የብድር ዓይነት አለ፤ እዚህ የተለመደው የቤት ብድር ግን አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው ያለው። ገንዘቡ ቤቱ ግድግዳ ውስጥ ይገባል። ልጅ ሲታመም ግድግዳው ላይ ሄዶ አሥር ሺህ ብር ማውጣት አይቻልም። የባንክ ሰዎች ሊኪዊዲቲ የሚሉት፣ በአማርኛ ሀብት ሳይጎዳ ፈጥኖ ጥሬ ገንዘብ የመሆን ብቃት ማለት ነው፤ የቁጠባ ደብተር ይህ ብቃት አለው፣ የተከፈለ ብድር የለውም።

ከዚህ የከፋው፣ ቀድሞ የተከፈለ ገንዘብ የሚቀጥለውን ወር ክፍያ አለመተካቱ ነው። ባልና ሚስቱ በሁለት ዓመት ውስጥ ያላቸውን 150,000 ብር በሙሉ ዋና ብድር ላይ አውለው፣ በሦስተኛው ዓመት አንዳቸው ሥራ ቢያቆሙ፣ ባንኩ የዚያን ወር 8,348 ብር ይጠይቃል። “አስቀድሜ ከፍያለሁ” የሚለው መልስ በውሉ ላይ ካልተጻፈ አያገለግልም። ክፍያው 90 ቀን ካለፈው ብድሩ በባንክ አሠራር ከተበላሹ ብድሮች ጎራ ይመደባል። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ደግሞ ባንክ በመያዣ የያዘውን ንብረት ፍርድ ቤት ሳይሄድ፣ ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ በሐራጅ መሸጥ ይችላል። ይህ ሕግ ዕዳው ብዙ ይሁን ጥቂት አይለይም። ዕዳውን አጋምሶ በእጁ ምንም ያላስቀረ ሰው፣ ዕዳው ሙሉ ሆኖ የስድስት ወር ክፍያ በደብተር ከያዘ ሰው ይልቅ ቤቱን ለማጣት ቅርብ ነው። በወረቀት ላይ ሀብታም፣ በባንኩ መስኮት ፊት ድሃ።

ለዚህ ነው ቅደም ተከተሉ ከስሌቱ የሚበልጠው። መጠባበቂያው ይቀድማል። በ7 በመቶ ተኝቶ ንረት ቢበላውም ይቀድማል፤ የሚያጣው ጥቂት መቶኛ ቤቱን ለማቆየት የሚከፈል የመድን ዋጋ ነው ብሎ ማሰብ ይቻላል።

ምን ያህል? የጅማ ዓመት የተለየ ነው

የተለመደው ምክር “ከሦስት እስከ ስድስት ወር ወጪ” ይላል። በወር በወር ለሚከፈለው የዩኒቨርሲቲ መምህር ይህ በቂ መለኪያ ነው። በምሳሌው ቤተሰብ የስድስት ወር የብድር ክፍያ ብቻ 50,000 ብር ያህል ነው፤ አስቤዛው፣ የትምህርት ቤት ክፍያውና መድኃኒቱ ከዚያ በላይ ነው።

ጅማ ግን የቡና ከተማ ናት። ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ ቀይ እሸት ይለቀማል፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ በየአልጋው ተሰጥቶ ይደርቃል፤ ሂርማታ ገበያ ሞቅ ይላል። በፈረሱላ የሚገዛው ሰብሳቢ፣ ጫኙ፣ ባለ አይሱዙው፣ ልብስ ነጋዴው፣ የቤት ዕቃ ሠሪው ሁሉ ገንዘብ የሚያየው በእነዚህ ወራት ነው። ከዚያ ረጅሙ ክረምት ይመጣል። ከሰኔ እስከ መስከረም ጅማ ውስጥ ዝናብ እንጂ ገንዘብ አይዘንብም፤ የክረምቱ ማብቂያ ደግሞ የልጆች ምዝገባ፣ ደብተርና የደንብ ልብስ ይዞ ይመጣል።

ገቢው ከቡና ጋር የተሳሰረ ተበዳሪ ስለዚህ መጠባበቂያውን በወር ቆጥሮ አይጨርሰውም። የእርሱ መለኪያ ከመኸር እስከ መኸር ነው። በጥር ወር እጁ ላይ ያለውን 200,000 ብር አይቶ ግማሹን ወደ ባንክ የሚወስድ ነጋዴ፣ በነሐሴ ወር የሚያስፈልገውን ክፍያ አስቀድሞ ካልቀነሰ፣ በክረምቱ መካከል ከፍ ባለ ዋጋ ለመበደር ይገደዳል። ያኔ 16 በመቶ አድናለሁ ብሎ ከዚያ የሚበልጥ ይከፍላል። በአንጻሩ መኸሩ አልቆ፣ እስከ ሚቀጥለው ጥቅምት ያለው ክፍያና ወጪ ተቆጥሮ ከተቀመጠ በኋላ የሚተርፈው ገንዘብ ወደ ዋና ብድሩ ቢገባ፣ ከደመወዝተኛው የ2,000 ብር ጭማሪ ይልቅ ቶሎ ይሠራል፤ በአንድ ጊዜ ትልቅ ይቆርጣልና።

መጠባበቂያው የት ይቀመጥ ለሚለው አጭር መልስ አለ፤ በማንኛውም ቀን በሚወጣበት ቦታ። የኢትዮጵያ ተቀማጭ ገንዘብ መድን ፈንድ በአንድ ባንክ ውስጥ ላለ አስቀማጭ እስከ 100,000 ብር ዋስትና ይሰጣል፤ የአብዛኛው ቤተሰብ መጠባበቂያ ከዚህ አያልፍም። እድር ለሐዘን ይደርሳል እንጂ ለሥራ ማጣት አይደርስም። የቁጠባና ብድር ማኅበር ውስጥ ያለ መደበኛ ቁጠባም አባልነት ሳይለቁ በቀላሉ ስለማይወጣ እንደ ጥሬ ገንዘብ አይቆጠርም።

ዕቁብ፦ በሁለቱ መካከል ያለው

የብድርና የቁጠባ ክርክር ዕቁብን ሲረሳ ይገርማል። ዕቁብ ዕጣው መቼ እንደደረሰ ተመልክቶ አንዴ ብድር፣ አንዴ ቁጠባ ይሆናል።

20 አባላት በወር 5,000 ብር የሚጥሉበትን ዕቁብ እናስብ፤ ዕጣው 100,000 ብር ነው። ዕጣው በመጀመሪያው ወር የደረሰው ሰው ያለ ወለድ 100,000 ብር ተበድሮ በ20 ወር ይመልሳል። በመጨረሻው ወር የደረሰው ደግሞ ያለ ወለድ 20 ወር ቆጥቧል፤ የደብተሩን 7 በመቶ እንኳ አላገኘም።

የቤት ብድር ያለበት ሰው የመጀመሪያው ዕድለኛ ቢሆንና ገንዘቡን በሙሉ ዋና ብድሩ ላይ ቢያውለው፣ ከላይ እንዳየነው ገና አዲስ የሆነ የ20 ዓመት ብድር ወደ አሥር ዓመት ይወርዳል። 16 በመቶ ወለድ ያለውን ዕዳ ወለድ በሌለው ዕዳ ተካ ማለት ነው። ከየትኛውም የባንክ ምርት የተሻለ ውል ነው። ግን ለ20 ወር ያህል 5,000ው ለዕቁቡ፣ 8,348ቱ ለባንኩ፣ በድምሩ 13,348 ብር በየወሩ መውጣት አለበት። አንዱ ቢጓደል ዋስ ሆኖ የፈረመው ወዳጅ ይጠየቃል፤ የዕቁብ ዳኛው ደግሞ እንደ ባንክ 30 ቀን አይጠብቅም። ዕጣ ዘግይቶ ለሚደርሰው ሰው ይህ ብልሃት የለም፤ የሌላውን ዕጣ በቅናሽ መግዛት ቢለመድም ቅናሹ ራሱ ወለድ መሆኑን ማስላት ይገባል።

ከወለድ ነጻ ውል ያለው ተበዳሪ

በጅማ ብዙ ሰው ከወለድ ነጻ አገልግሎት ተጠቃሚ ነው። ሙሉ በሙሉ በዚህ ሥርዓት የሚሠሩት እንደ ዘምዘምና ሂጅራ ያሉ ባንኮች ሥራ ከመጀመራቸው በፊትም መደበኛ ባንኮች በልዩ መስኮት ይሰጡት ነበር። እስካሁን የተባለው ስሌት ግን ለዚህ ተጠቃሚ እንዳለ አይሠራም።

ዋናው የቤት ፋይናንስ መንገድ ሙራባሃ ነው። ባንኩ ቤቱን ወይም የግንባታ ዕቃውን ራሱ ይገዛና ትርፉን ጨምሮ ለደንበኛው በረጅም ጊዜ ክፍያ ይሸጠዋል። ዋጋው በፊርማው ቀን ስለሚቆረጥ ዕዳው በጊዜ አይጨምርም፤ በዚያው ልክ ቀድሞ መክፈልም ዕዳውን በራሱ አይቀንሰውም። ቀድሞ ለከፈለ ደንበኛ ባንኩ ከትርፉ ሊተውለት ይችላል፤ ብዙ የሸሪዓ ሊቃውንት ግን ይህ ቅናሽ በውሉ ውስጥ ቅድመ ሁኔታ ሆኖ እንዲጻፍ አይፈቅዱም። ስለዚህ ደንበኛው ቅናሹን እንደ መብት ሊጠብቀው አይችልም።

ከዚህ የሚከተለው ግልጽ ነው። ባንኩ ቅናሽ ካላደረገ ሙራባሃን ቀድሞ መክፈል ምንም ገንዘብ አያድንም። እዚህ ላይ የዋጋ ንረቱ ክርክር በትክክል ይሠራል፤ በየወሩ የሚከፈለው ቋሚ ቁጥር ክብደቱ እየቀለለ ይሄዳል፤ ትርፉን ገንዘብ በሙዳራባ ሒሳብ ትርፍ እየተካፈሉ ማስቀመጥ ወይም ሥራ ላይ ማዋል ይሻላል። ሙሻረካ ሙተናቂሳ የሚባለው፣ ደንበኛው የባንኩን ድርሻ ቀስ በቀስ እየገዛ በቀረው ድርሻ ላይ ኪራይ የሚከፍልበት ውል ግን የተለየ ነው። እዚያ ድርሻውን ቶሎ መግዛት ኪራዩን ስለሚቀንስ ጥቅሙ ከመደበኛው ብድር ተጨማሪ ክፍያ ጋር ይመሳሰላል።

ተጨማሪ ክፍያ የማያዋጣቸው

የባንክ ሠራተኞች አንዱ ምሳሌ ናቸው። ባንኮች ለሠራተኞቻቸው የሚሰጡት የቤት ብድር ከገበያው በብዙ ዝቅ ያለ ወለድ አለው። በ7 ወይም በ8 በመቶ የተበደረ ሰው ቀድሞ ለመክፈል ምንም አያስቸኩለው፤ ሥራውን የመልቀቅ ሐሳብ ካለው ግን ወለዱ ብዙ ጊዜ ወደ ገበያው ዋጋ ስለሚቀየር ነገሩ ይገለበጣል። በቀደሙት ዓመታት ዝቅተኛ ወለድ በነበረው የኮንዶሚኒየም ብድር ውስጥ ያለ ሰውም እንዲሁ ውሉን አይቶ ይወስን። ከቤት ብድሩ ጎን ከፍ ያለ ወለድ የሚበላ ሌላ ዕዳ ያለበት ደግሞ ያንን ያስቀድም።

ነጋዴዎች የሚያነሡት ሌላ ምክንያት አለ። ካርታው ከዕዳና እገዳ ነጻ ሲሆን ለሥራ ማስኬጃ ብድር መያዣ ይሆናል ይላሉ። እውነት ነው። ግን የረጅም ጊዜ ብድርን በጥድፊያ ዘግቶ በአጭር ጊዜ ብድር መልሶ መግባት የዋጋ ልዩነቱን፣ የግምትና የምዝገባ ወጪውን ካላካካሰ ክብ መዞር ነው።

በባንኩ መስኮት ላይ የሚነገረው ቃል

ተጨማሪ ክፍያ የሚከሽፈው ብዙ ጊዜ በስሌት ስሕተት ሳይሆን በአከፋፈል ነው። አንድ ሰው በብድር ሒሳቡ ላይ 20,000 ብር ጨምሮ ገቢ ቢያደርግ ባንኩ ገንዘቡን በሦስት መንገድ ሊይዘው ይችላል። የሚቀጥሉት ሁለት ወራት ክፍያ ቀድሞ እንደገባ አድርጎ ሊቆጥረው ይችላል፤ ያኔ ዋናው ብድር ወዲያው አይቀንስም። ዋና ብድሩን ቀንሶ የመክፈያው ዘመን ሳይለወጥ ወርሃዊውን ክፍያ ሊያወርድ ይችላል። ወይም ወርሃዊውን ሳይነካ ዘመኑን ሊያሳጥር ይችላል።

ልዩነቱ ቀላል አይደለም። በምሳሌው ብድር መጀመሪያ ላይ በገባው 100,000 ብር፣ ወርሃዊው ክፍያ ወደ 6,956 ብር ወርዶ ዘመኑ 20 ዓመት ሆኖ ቢቀጥል ጠቅላላ የሚከፈለው 1,770,000 ብር ያህል ነው። ክፍያው በ8,348 ቀጥሎ ዘመኑ ቢያጥር 1,110,000 ብር ያህል ይሆናል። ወደ 660,000 ብር የሚጠጋ ልዩነት የሚወሰነው ማመልከቻው ላይ በምትጻፍ አንዲት ዐረፍተ ነገር ነው። ወርሃዊውን ማውረድም ግን ያለ ምክንያት አይመረጥም፤ ገቢው ለሚዋዥቅ ቤተሰብ በክረምት 1,392 ብር የቀነሰ ግዴታ ዋጋ አለው።

ማመልከቻው በጽሑፍ ይሁን፤ “ክፍያው በዋና ብድር ላይ ብቻ እንዲውልና የመክፈያው ዘመን እንዲያጥር” የሚል ይኑርበት። በቅጂው ላይ የደረሰበት ማኅተም ይምታበት፤ ከሳምንት በኋላ አዲስ የክፍያ ሰንጠረዥ ታትሞ ይወሰድ። ከዚያ በፊት ውሉ ላይ ቀድሞ ለመክፈል የሚጠየቅ ቅጣት ወይም የአገልግሎት ክፍያ መኖሩን ማየት ነው፤ ቅጣቱ አነስተኛ የመቶኛ ድርሻ ከሆነ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጥቅሙን አያጠፋውም፣ በመጨረሻዎቹ ዓመታት ግን ሊያጠፋው ይችላል።

ወለዱና ንረቱ ቢለያዩ

ብሔራዊ ባንክ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የፖሊሲ ወለድ በሚባል መሣሪያ ይሠራል፤ ባንኮች ከእርሱ ጋር የሚገበያዩበት መነሻ ዋጋ ማለት ሲሆን ሲጀመር 15 በመቶ ነበር። የታወጀው ግብ የዋጋ ንረቱን ወደ ነጠላ አኃዝ ማውረድ ነው። ግቡ ቢሳካና የቤት ብድር ወለድ ባለበት ቢቆይ፣ ንረቱ 9፣ ብድሩ 16 በመቶ የሆነበት ዓመት ይመጣል። ያኔ ተበዳሪው በእውነተኛ ዋጋ የሚከፍለው ወለድ በ2017 ዓ.ም. ማብቂያ ከነበረው ሁለት በመቶ ግድም ወደ ሰባት ይጠጋል፤ “ዕዳን ንረት ይከፍለዋል” የሚለውን ይዞ የተቀመጠ ሰው ይበልጥ የሚጎዳው በዚያ ጊዜ ነው። የብድሩ ወለድ አብሮ ቢወርድስ? በብዙ ውሎች ላይ ባንኩ ወለዱን የመለወጥ መብት አለው፤ ሲጨምር ደብዳቤ ይደርሳል፣ ሲቀንስ ግን ጠይቆ የሚያስቀንሰው አብዛኛውን ጊዜ ደንበኛው ራሱ ነው። ፈረንጅ አራዳ ካለው ቅርንጫፍ ሰንጠረዡን ለማሳተም የሚሄድ ሰው በዚያው ቀን “የእኔ ብድር ወለድ ዛሬ ስንት ነው?” ብሎ ቢጠይቅ፣ ውሉን ሲፈርም ከነበረው ቁጥር የተለየ መልስ ሊሰጠው ይችላል።